ከአሥራ ዘጠነኛው ቅጽ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ ነፋስም ስላልነበረ የሚኒ ሚዲያው ክፍል ቆርቆሮ ከወዲሁ ግሏል።

ሙሀባ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ከፊቷ በስፒራል የተጠረዘ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ተዘርግቷል። በየገጹ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ጎራዴ የያዙ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ። ከሥዕሎቹ አጠገብ ያለውን እንግሊዝኛ በልቧ ወደ አማርኛ እየመለሰች ትናገራለች። ድምጿ ከባንዲራው ምሰሶ ላይ በታሰረው ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ግቢውን ይሞላዋል።

«ጠባቂው ወደቀ» አለች። «ጎራዴው ከእጁ ወጣ። ከዚያ... ከዚያ ሶጂ ዘሎ መታው።»

በዛፎቹ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ሳቅ ተነሣ።

«ወድቆ ነው እንዴ የተመታው?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ቀድሞ ተኝቶ ጠበቀው በያ!» አለ ሌላው።

ሙሀባ ገጹን ገለጠች። የሚቀጥለው የባሰ ነበር። «ሽማግሌው ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አለ። ሶጂም ‹የድልድዩ አለቃ አንተ ነህ?› ሲል ጠየቀው።» ይህን ስትል ፊቷ ጋለ። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ መጥቷል። የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል እንደገና አየች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። አልተሳሳተችም። ደወሉ እስኪደወል ድረስ እንዲሁ እየተደናቀፈች አነበበች።

ታሪኩ «የድልድይ ጠባቂዎች» ይባላል። ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ስልሳ ሁለት ቅጽ ወጥቷል፤ ገና አላለቀም። ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጣችው ጸደንያ ነበረች። አዲስ አበባ ያለው የአጎቷ ልጅ ከኢንተርኔት እያወረደ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት እያስጠረዘ ይልክላት ነበር። ጸደንያ ሐሙስ ሐሙስ በረጅሙ ዕረፍት በማይክ እየተረከች በአንድ ዓመት ከመንፈቅ አሥራ ስምንት ቅጽ ዘለቀች። ከዚያ የጤና መኮንን የሆነችው እናቷ ወደ ደሴ ተዛወረች። ጸደንያም ያልተነበቡትን ስድስት ጥራዞች አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሙሀባ ሰጥታ ሄደች። የሙሀባ እንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ነው።

ነገር ግን ሙሀባ ከማጀቴ ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣችው በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ነበር። ከአሥራ ስምንቱ ቅጽ የሰማችው የመጨረሻዎቹን ሦስት ሐሙሶች ብቻ ነው። የፊተኞቹ ጥራዞች ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ተቀዳደው አልቀዋል። ታሪኩን ከአሥራ ዘጠነኛው ቅጽ ጀመረችው፤ ልክ ሰው የሞላው አውቶቡስ ውስጥ ዘግይቶ እንደሚገባ መንገደኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሳፈረ አታውቅም።

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ተፈራ የአምፕሊፋየሩን ገመድ እየጠቀለለ «ሙሀባ» አላት።

«አቤት ቲቸር።»

«ድምፅሽ ጥሩ ነው። የምታነቢው ግን መያዣ የለውም። ልጆቹ እየተነሡ ወደ ሻይ ክበቡ ይሄዳሉ። የሚቀጥለው ሐሙስ እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ሸሪፍ ለሚያቀርበው ስፖርት እሰጠዋለሁ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ከመሀል ነው የገባሁት።»

«አውቃለሁ። ሰሚው ግን ከመጀመሪያው ነው የገባው።»

ሙሀባ ጥራዙን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። ይህች ማይክ ለእሷ ምን እንደሆነች ለማንም ነግራ አታውቅም። አንድ ወር ሙሉ በዚያ ግቢ ስሟን የጠየቃት አልነበረም፤ «ያቺ የማጀቴዋ» ነበረች። ካነበበች በኋላ ግን ውሃ ልትቀዳ ስትሰለፍ እንኳ «ሙሀባ፣ ሶጂ ምን ሆነ?» የሚሏት ልጆች ነበሩ።

ክፍል ስትገባ ከኋላዋ ወደሚቀመጠው ወደ ኑረዲን ዞረች። ኑረዲን አሥራ ስምንቱን ቅጽ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል ይባላል።

«ሙራኖ ማነው?» አለችው።

ኑረዲን እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ሙራኖን ሳታውቂ ነው ማይክ የያዝሽው? አቦ ተይን! የሶጂ ታላቅ ወንድም ነዋ። ከሃዲው!»

«ከድልድይ ላይ ገፍትሮ ጣለው» አለች የክፍል አለቃዋ ለምለም፣ ሳትጠየቅ። «አሥራ ሁለተኛው ቅጽ ላይ። ጸደንያ ያን ስታነብ ግቢው ሁሉ አለቀሰ። ቲቸር ተፈራ ራሱ ዓይኑን ጠርጓል።»

«አቧራ ገብቶበት ነው» አለ ኑረዲን።

«ስንት አቧራ ነው በሁለቱም ዓይን የሚገባው?»

«ለምን ገፈተረው?» አለች ሙሀባ።

 «ከሃዲ ስለሆነ ነዋ» አለ ኑረዲን።

«ከዚያ በፊት ይዋደዱ ነበር?»

«በጣም! የሚያናድደው እኮ እሱ ነው።»

«ታዲያ ሶጂ ከዚያ ሁሉ ገደል እንዴት ተረፈ?»

«እሱን ጸደንያም አልነገረችንም።»

ሙሀባ አሥራ ዘጠነኛውን ቅጽ ገልጣ አሳየቻቸው። «እዚህ ላይ ሶጂ ሙራኖን ያገኘዋል። መጀመሪያ ያቅፈዋል፤ ቀጥሎ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ጎራዴ ይመዝበታል። ገባህ?»

ኑረዲን ሥዕሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አያቸው። «አንቺ ያልገባሽ ከመሀል ስለገባሽ ነው» አለና ደብተሩን አወጣ።

ሁሉም የሚሏት ይህንኑ ነበር። ዓርብ ሌሎች አራት ልጆች ጠየቀች፤ አራቱም አራት ዓይነት መጀመሪያ ነገሯት፤ አራቱም የደመደሙት በዚችው ቃል ነው። ቅዳሜ ጥራዙን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ጊዜ አንድም አዲስ ነገር አልገባትም፤ ንዴቷ ብቻ ጨመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በአባቷ የማሾ መጋዘን ውስጥ ነበረች። ከቀወት ገበሬዎች የመጣው ማሾ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። የመጋዘኑ ሠራተኛ እትዬ ውባለም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ማሾውን በወንፊት ታበጥራለች። ሙሀባ አንድ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስታነብ ቆየችና ጥራዙን ጥላ በመዳፏ መታችው።

«መጽሐፉ ምን በደለሽ?» አለ አባቷ በድሩ።

«ምንም አይገባም አባ! ሳይጠየቅ ይመልሳል።»

«እንደ እናትሽ ነዋ።»

እትዬ ውባለም ወንፊቷን አቁማ ሳቀች። «ጋሽ በድሩ፣ ይህን እሷ ትስማና!»

በድሩ በልጅነቱ አሊዩ አምባ ከአንድ ሼህ ዘንድ ሲቀራ ያደገ ሰው ነው። የዐረብኛውን ኪታብ እንደ ውሃ ያነበዋል። የአማርኛ ፊደል የለየው ጎልምሶ ሲሆን እንግሊዝኛ ጭራሽ አያውቅም። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጥራዙን አነሣና ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ።

«ቢስሚላህ። ይኸኛው ጎራዴውን መዘዘ። እሺ። ዘለለ። መታው! ያኛው ደግሞ ጎራዴው ከእጁ በረረ። ወደቀ፣ ምስኪን።» ቀና አለ። «ምኑ ነው የማይገባው?»

ሙሀባ ጣቱን አየች። ጣቱ የቆመው በላይኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ ነበር።

«አባ፣ ከየት ነው የጀመሩት?»

«ከዚህ ነዋ።» የዚያኑ ረድፍ ቀኝ ጫፍ ነካ።

«እንግሊዝኛ እኮ የሚነበበው ከግራ ነው።»

«ፊደሉን መች አወቅሁት? የማወራሽ ሥዕሉን ነው። ከግራ ከሆነማ ሰውየው ወደቀ፣ ተመታ፣ ከዚያ ጎራዴ ተመዘዘበት። ወላሂ እንዲህ ያለ ጠብ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሙሀባ ጥራዙን ተቀብላ ቆመች። የላይኛውን ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ አየች፤ ቀጥሎ የመካከለኛውን፤ ቀጥሎ የታችኛውን። ገጹን ገለጠች። ሶጂ «የድልድዩ አለቃ አንተ ነህ?» ሲል ጠየቀ፤ ሽማግሌው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ሲል መለሰ። ሌላ ገጽ ገለጠች። ሶጂ በወንድሙ ላይ ጎራዴ መዘዘ፤ አለቀሰ፤ ከዚያም አቀፈው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥራዙን እንደማንኛውም መጽሐፍ በግራ በኩል ጠርዞታል፤ ስለዚህ ገጾቹ እንደማንኛውም መጽሐፍ ይገለጣሉ። ፊደሉም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከቀኝ የሚነሡት ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው። ሙሀባ ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ቁርአን ቀርታለች፤ በየቀኑ ዓይኗ ከቀኝ ይነሣል፤ እንግሊዝኛ ስታይ ግን ያ ዓይን ከመድረሳው በር ላይ ተመልሷል። በራሷ ተናደደች። ግን ደግሞ ቀለላት። ያልገባት ከመሀል ስለገባች አልነበረም።

ቅለቱ የቆየው እስከ ሃያኛው ቅጽ ድረስ ነው። እዚያ ሶጂ የድልድዩን ቀን ያስታውሳል። በአንድ ረድፍ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ ቃል የለባቸውም። ግራው ላይ የሙራኖ እጅ የሶጂን እጅ ጨብጧል። መሀሉ ላይ ሁለት የተዘረጉ መዳፎች አሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ነው። ቀኙ ላይ ሶጂ ቁልቁል ይወርዳል።

ከግራ ሲታይ፣ ጸደንያም እንዳየችው ሁሉ፣ ሙራኖ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ ሶጂ ይወድቃል።

ከቀኝ ሲታይ ሶጂ ይወድቃል፣ ሙራኖ እጁን ይዘረጋል፣ ይይዘዋል።

ሙሀባ ማሾው ላይ ተቀመጠች። ስምንት መቶ ተማሪ ለወራት የጠላው ሰው ወንድሙን ያዳነው ሰው ነበር።

እሑድ ጠዋት ጸደንያ ጋ ደወለች።

«ሙሄ!» አለች ጸደንያ። «ፕሮግራማችን እንዴት ነው?»

ሙሀባ ነገረቻት። ጸደንያ መጀመሪያ ሳቀች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«አባቴ።»

«አባትሽ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?»

«አይችሉም። የገባቸው ለዚያ ነው።»

 ከጸደንያ ወገን ዝናብ ይሰማል። «ድልድዩስ?» አለች።

«ድልድዩም።»

«ሙራኖ አልገፈተረውም?»

«ያዘው እንጂ።»

«እኔ እኮ...» አለች ጸደንያ። «እኔ እኮ ለያንዳንዱ ገጽ ዲክሽነሪ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ያን ቀን አለቀሱ። ሁሉም አለቀሱ።»

«አልዋሸሽም።»

«ታዲያ ምን ይባላል? ሙሀባ፣ ስሚኝ። ወደፊት ያለውን አስተካክለሽ አንብቢ። የኋላውን ተይልኝ። እዚያ ግቢ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው። እዚህ አንድ ሰው አያውቀኝም።»

«የኋላው ከፊቱ ጋር አይገጥምም። ለሁለት ሐሙስ ሞክሬዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ከመሀል ገብተሽ!» አለች ጸደንያና ስልኩን ዘጋችው።

 ሙሀባ ልትናደድባት ፈለገች፤ የመጣላት ግን «እዚህ አንድ ሰው አያውቀኝም» ያለችው ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ የሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባች። ሸሪፍ የሊጉን ውጤት በወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር።

«ነገ የመጨረሻሽ ነው አሉ» አላት። ክፋት አልነበረበትም። «ምክር ልስጥሽ? ሙራኖን ግደይው። በቃ። ግቢው በጭብጨባ ይቀልጣል።»

«አይሞትማ።»

«አንቺ ካልሽ ይሞታል። ማይኩ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ሸሪፍ ሲወጣ ወረቀት አወጣችና ጻፈች። ሙራኖን አልገደለችውም። ከሶጂ ፊት አንበረከከችው። «ገፍትሬሃለሁ፤ ማረኝ» አስባለችው። ሶጂም ጎራዴውን መልሶ አቀፈው። ይህ ሁሉንም ያስታርቃል፤ ጸደንያ ያነበበችው እንዳለ ይቆያል፤ ከአሁን በኋላ ያለውም ይገጥማል። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከጻፈቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ያማረ ነበር።

መምህር ተፈራ ቆሞ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይኸ ነው! ይህን ካነበብሽ ሰዓቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያንቺ ነው።»

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ ግን ሙራኖ ማረኝ አይልም።»

«መጽሐፉን ማን ያየዋል?»

ሙሀባ ወረቀቱን ተቀብላ በጥራዙ ውስጥ አኖረችው።  ቤት ስትደርስ ለጸደንያ «ነገ ስምሽን አላነሣም» ብላ ጻፈች። መልእክቱ ተነበበ። መልስ አልመጣም።

ሐሙስ ሙቀቱ እንደዚያው ነበር። በአራት ሰዓት ከሩብ ግቢው ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከወትሮው ይበዛሉ፤ የመጨረሻዋ ቀን መሆኑ ተወርቷል። ኑረዲን በመስኮቱ ብረት ላይ ክርኑን አስደግፏል። ሸሪፍ የውጤት ወረቀቱን አጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መምህር ተፈራ አምፕሊፋየሩን አበራና ራሱን ነቀነቀላት።

ሙሀባ ጥራዙን ከፈተች። አንድ ገጽ ተኩሉን አወጣች። የመጀመሪያውን መስመር በዓይኗ አነበበች። ሙራኖ ተንበርክኳል፤ ያላደረገውን «አድርጌያለሁ» ይላል። ወረቀቱን በግልባጩ አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀመጠችውና ማይኩን ወደ አፏ አቀረበች።

«ያለፉትን ሁለት ሐሙሶች ሥዕሎቹን የተከተልኳቸው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር። የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ተሳስቻለሁ። አሥራ ዘጠነኛውን ቅጽ እንደገና እጀምረዋለሁ።»

ግቢው ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ።

«እንደገና? ኤጭ!»

«ሸሪፍን አምጡልን!»

በመጨረሻው ዛፍ ሥር የነበሩት ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሡ። ሌሎች ተከተሏቸው። መምህር ተፈራ ወረቀቱን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንሥቶ ወደ እሷ ዘረጋላት። ሙሀባ አልተቀበለችውም።

ኑረዲን በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ግንባሩን ቋጥሯል። «ቆይ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥዕሉ ከቀኝ ከሆነ... ድልድዩስ?»

ሙሀባ ማይኩን በመዳፏ ሸፈነች። መምህር ተፈራም፣ ሸሪፍም ያዩዋታል።

«ሃያኛው ቅጽ ላይ ነው» አለችው። «ስንደርስ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። አሁን ዝም በል።»

መዳፏን አነሣችና ማንበብ ጀመረች። «ሶጂ ጎራዴውን መዘዘ። ዘለለ። ጠባቂውን መታው።»

ደወሉ ሊደወል አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።